ሌባ ሻይ፣ ወፏ እና ፕሮፋይለሩ

አበው «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይላሉ። እኔ ግን ከአነጋገሩ ሳይሆን ካለመናገሩ ተነሥቼ የፈረድሁበት አንድ ሰው አለ። ስሙን ዛሬም በትክክል አላስታውሰውም። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም እርሱ ነው።

ነገሩ የሆነው በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ በሰሜን ወሎ፣ በሀብሩ ወረዳ፣ ግራና ነው። ግራናን ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ ማሽላውና ጤፉ ሰማይ ሰማይ ሲያይ፣ ሽንኩርቱ ደግሞ ወንዝ ወንዙን ያያል። ውኃውን ከወንዝ ወደ ማሳ የሚያወጣው የውኃ መሳቢያ ነው፤ ሰዉ በአጭሩ «ሞተር» ይለዋል። ለገበሬው ሞተር ማለት ከአንድ ጥማድ በሬ የማይተናነስ ሀብት ነው። ታዲያ አንድ ሌሊት የጎረቤታችን ሞተር ከወንዙ ዳር ተሰረቀ።

በማግሥቱ ሽማግሌዎች ከዛፍ ሥር ተቀመጡ። እኔ ትምህርቴን ገና መጨረሴ ስለ ነበር ደብተርና እስክሪብቶ ተሰጠኝ። የተነሣው ጥያቄ «ማን ሰረቀ?» የሚል አልነበረም። «ይህን የሚያደርግ ምን ዓይነት ሰው ነው?» የሚል ነበር። መልሱም ከየአቅጣጫው መጣ። መሬት የሌለው። ልጅ ያልወለደ። ሌሊት የሚዞር። ሰው ዐይን የማያይ። የአገሩ ተወላጅ ያልሆነ። አንድ በአንድ ጻፍሁ። አምስተኛውን መስመር ስጨርስ ስም የጠራ ሰው ሳይኖር ሁሉም ወደ አንድ ሰው ዞረ፤ ለሽንኩርት አረም ከደጋ ወርዶ በቀን ሥራ ወደሚያድር፣ ቃል ከአፉ ወደማይወጣ፣ ሲያናግሩት መሬት መሬት ወደሚያይ ሰው።

እኔም የበኩሌን አከልሁ። «ትናንት ሲመሽ ወንዙ ዳር አይቼዋለሁ» አልሁ። እውነት ነው፤ አይቼዋለሁ። ልብሱን እያጠበ እንደ ነበረ ግን አልተናገርሁም።

ማታ ደብተሩን ለአያቴ አነበብሁላቸው። ጸጥ ብለው ሰሙኝና፣ «ልጄ፣ ይህ የጻፍኸው የሌባ መልክ ነው ወይስ የእንግዳ መልክ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ውድ አንባቢ፣ ያ ጥያቄ ከዓመታት በኋላ በባዕድ ቋንቋ በተጻፉ መጻሕፍት ውስጥ ገጠመኝ። ፈረንጆች «ፕሮፋይሊንግ» የሚሉት ሙያ አለ፤ ያልታወቀን ወንጀለኛ ከድርጊቱ ተነሥቶ ዕድሜውን፣ ጠባዩን፣ ኑሮውን፣ መኖሪያውን መገመት ማለት ነው። በፊልም ያየነው ወጣቶች ሁሉ ተመኝተነዋል። ለመሆኑ ይህ ሙያ ወንጀለኛ ያስይዛልን? ወደዚያ ከመሄዴ በፊት ግን የራሳችንን ቤት ልፈትሽ፤ እኛም ያልታወቀን ሌባ የምንፈልግበት የራሳችን ጥበብ ነበረንና።

ሌባ ሻይ

«ሻይ» የሚለው ቃል እዚህ የሚጠጣው ሻይ አይደለም፤ «ሻ» ከሚለው ግሥ የመጣ ነው፤ ሌባ ፈላጊ ማለት ነው። በዱሮው ሥርዓት ንብረት ሲጠፋና ሌባው ሳይታወቅ ሲቀር ሌባ ሻይ ይጠራ ነበር። ሹመኛው ለአቅመ አዳም ያልደረሰ አንድ ልጅ ያመጣል። ለልጁ መድኃኒት የተቀላቀለበት መጠጥ ይሰጠዋል፤ ልጁ ይሰክራል፣ ራሱን ይስታል። ወገቡን በመቀነት ታስሮ፣ ጫፉን ሌባ ሻዩ ይዞት፣ በመንደሩ ውስጥ እየተንገዳገደ ይሄዳል። መንደርተኛው በየደጁ ቆሞ ይጠብቃል። ልጁ የገባበትና የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል፤ ዕዳውን ይከፍላል።

የአያቴ አባት ከፍለዋል። አያቴ የነገሩኝ በዚያችው ማታ ነው። የጠፋው የሰው ከብት ነበር፤ ልጁ ተንገዳግዶ መጥቶ እርሳቸው መደብ ላይ ወደቀ። «አባቴ በሬውን ነድቶ ሰጠ» አሉኝ፤ «በሬው አልቆጨውም፤ የቆጨው ከዚያ ወዲያ ሰው ቤቱ ገብቶ ሲወጣ ኪሱን መዳበሱ ነው።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። መቀነቱን የያዘው ሰው ትልቅ ሰው ነው። አገሩን ያውቃል፤ ማን ከማን እንደተጣላ፣ ማን ድኻ፣ ማን ዘመድ አልባ እንደ ሆነ ያውቃል። ልጁ ራሱን ስቷል፤ የመቀነቱ ጫፍ ያለው ግን ራሱን ባልሳተ እጅ ነው። ሆን ብሎ ሊጎትት ይችላል፤ ሳያውቀውም ሊጎትት ይችላል። ሕዝቡ የሚያየው ግን ልጁን ነው። ያደረበትን ጥርጣሬ ከልጁ አፍ፣ ከልጁ እግር እንደ ምስክርነት ይቀበለዋል።

ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽ በነበሩበት ዘመን ይህ ልማድ ተከለከለ። በገጠር ግን ትዝታው ረዥም ዕድሜ ኖረ።

ወፏ

ሁለተኛው ጥበብ አውጫጭኝ ነው፤ በሌላ ስሙ አፈርሳታ። ይህ ከሌባ ሻይ የተሻለ፣ ዳኝነት ዳኝነት የሚሸት ሥርዓት ነው። ቤት ሲቃጠል፣ ከብት ሲነዳ፣ ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሳይታወቅ ሲቀር የአካባቢው ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። የቀረ ይቀጣል። እያንዳንዱ ያየውንና የሰማውን እንዲናገር በመሐላ ይጠየቃል። ነገሩ እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤት መሄድ የለም፤ እርሻው ይቆማል፣ ከብቱ ጠባቂ ያጣል። ሌባው ካልታወቀ ደግሞ ዕዳው ለአገሬው ይከፋፈላል።

የዚህ ሥርዓት ብልሃቱ «ወፍ» ነው። ያየ ሰው በአደባባይ ቢናገር ቂም ይተከልበታል፤ ደም ይፈላበታል። ስለዚህ ለታመኑ ሽማግሎች በምስጢር ሹክ ይላል፤ እነርሱም የነገራቸውን ሰው ሳይጠሩ «ወፍ ነገረችን» ብለው ያወጣሉ። ዛሬ የምስክር ጥበቃ የምንለውን አባቶቻችን በአንዲት ወፍ ፈጽመውታል። ዛሬም «ማን ነገረህ?» ስንባል «ወፍ» ማለታችን ያንን ያስታውሰኛል።

የአውጫጭኝ ጥንካሬው ጥያቄው ላይ ነው። «ምን ዓይነት ሰው ነው?» ብሎ አይጀምርም፤ «ምን አየህ? ምን ሰማህ?» ይላል። ድካሙም አለ። ሰው ለቀናት ከሜዳ ታግዶ፣ ዕዳው በሁሉም ላይ ሊወድቅ ሲል፣ ከሁሉ ይልቅ ጠበቃ የሌለውን መስጠት ይቀለዋል። ወፏም ሁልጊዜ ያየችውን ብቻ አትናገርም፤ የምትጠላውንም ትናገራለች። ደራሲው ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም «አፈርሳታ» የተሰኘ ልብ ወለድ በእንግሊዝኛ ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ አሳትሟል። መቼቱ ጉራጌ ነው፤ አንድ ጎጆ ይቃጠላል፣ አገሬው ደጋግሞ ይሰበሰባል፣ ያቃጠለው ግን አይገኝም። ደራሲው ነገሩን ሳይቋጭ መተዉ ስለ ሥርዓቱ ብዙ ይናገራል ብዬ አምናለሁ።

ፕሮፋይለሩ

አሁን ባሕር እንሻገር። እ.ኤ.አ. በ1888 ለንደን ውስጥ ሴቶችን እያረደ ይጥል የነበረ ሰው ሳይያዝ ሲቀር፣ ቶማስ ቦንድ የተባለ ሐኪም ስለ ገዳዩ ማንነት ግምቱን ጽፎ ለፖሊስ ሰጠ። ብርቱ፣ እርጋታ ያለው፣ ሲያዩት ጉዳት የማያደርስ የሚመስል፣ ምናልባት በመካከለኛ ዕድሜ የሚገኝ፣ ንጹሕ የሚለብስ ሰው ይሆናል አለ። ግምቱ ትክክል ይሁን ስሕተት እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ ገዳዩ አልተያዘምና።

የሙያውን ዝና ያወጣው ግን የኒው ዮርኩ ቦምብ አጥማጅ ነው። ይህ ሰው ከ1940 እስከ 1956 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ በባቡር ጣቢያ፣ በሲኒማ ቤት፣ በቤተ መጻሕፍት ከ30 በላይ ቦምቦች አስቀመጠ። ፖሊስ ሲቸግረው ዶክተር ጄምስ ብራስል ወደሚባል የአእምሮ ሐኪም ሄደ። ሐኪሙ ስለ ሰውየው ብዙ ተነበየ፤ እንደ ራሱ ትረካ፣ ሲያዝ ደረበብ ያለ ኮት፣ ቁልፉን ቆልፎ እንደሚለብስ ሳይቀር ተናገረ። ጆርጅ ሜቴስኪ በጥር 1957 እ.ኤ.አ. ሲያዝ በሌሊት ልብሱ ነበር፤ ልብስህን ቀይር ቢባል ያንኑ ኮት ለብሶ፣ ቆልፎ ወጣ። ዓለም አፉን ያዘ።

ነገር ግን ሜቴስኪን ያገኘው ኮቱ አልነበረም። ሰውየው ለአንድ ጋዜጣ በጻፋቸው ደብዳቤዎች ውስጥ በኤሌክትሪክ ኩባንያው ላይ ያለውን ቂም ገልጦ ነበር። አሊስ ኬሊ የተባለች የኩባንያው ጸሐፊ አሮጌ የሠራተኞች መዝገብ እያገላበጠች ሳለ በሥራ ላይ ተጎድቶ የተሰናበተ የአንድ ሠራተኛ ፋይል አገኘች፤ በፋይሉ ያሉት ቃላት ደብዳቤዎቹ ውስጥ ካሉት ጋር ገጠሙ። ሐኪሙ ግምቱን ለሕዝብ ይፋ እንዲያወጡት መምከሩ ሰውየውን አናግሮት ይሆናል፤ ያ ዋጋ አለው። ስሙን ያወጣው ግን መዝገቡ ነው። የሐኪሙ ስም በታሪክ ሲነሣ፣ የጸሐፊዋን ስም የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

የአሜሪካው የፌዴራል ምርመራ ቢሮ፣ ኤፍ ቢ አይ፣ በ1972 እ.ኤ.አ. የጠባይ ሳይንስ ክፍሉን አቋቋመ። ባለሙያዎቹ በእስር ላይ ያሉ 36 ነፍሰ ገዳዮችን አነጋግረው ወንጀለኞችን «የተደራጀ» እና «ያልተደራጀ» ብለው ከፈሉ። ከዚያ መጻሕፍት ወጡ፤ በ1991 «ዘ ሳይለንስ ኦፍ ዘ ላምብስ» የተሰኘው ፊልም ሲመጣ ሙያው በዓለም ወጣቶች ልብ ገባ።

ፍሬው ሲመዘንስ? በ1995 እ.ኤ.አ. የታተመ የእንግሊዝ ጥናት ፕሮፋይል የተሠራባቸውን 184 ጉዳዮች መረመረ። ፖሊሶቹ አብዛኞቹ ምክሩን ወደውታል። ወንጀለኛውን ለይቶ ለማወቅ ያስቻለው ግን በ5 ጉዳዮች ብቻ ነበር፤ ከመቶ ሦስት አይሞላም። በ2003 ደግሞ ተመራማሪዎች አንድን ፕሮፋይል ለሁለት የፖሊስ ቡድኖች ሰጡ፤ ለአንዱ ቡድን እውነተኛውን ወንጀለኛ፣ ለሌላው ፈጠራ የሆነ፣ በብዙ ነገር የተለየ ሰው «የተያዘው ይህ ነው» ብለው አሳዩ። በሁለቱም ወገን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት «ፕሮፋይሉ ልክ ነው» አሉ። እኛ አገር ዐውደ ነገሥት ገላጩ «ከቅርብ ሰው ተጠንቀቅ፤ ያሰብኸው ነገር ዘግይቶ ይሆናል» ሲል፣ ሰሚው ሁሉ ራሱን እንደሚያገኝበት ማለት ነው።

ግምቱ ሲሳሳት ደግሞ ሰው ይጎዳል። በ1992 እ.ኤ.አ. በለንደን ዊምብልደን ሜዳ አንዲት ወጣት እናት በልጇ ፊት ተገደለች። አንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ የገዳዩን ጠባይ ገመተ፤ ፖሊስም ግምቱን ይመስላል ያለውን አንድ ብቸኛ፣ ሥራ አጥ ሰው ያዘ። አንዲት ፖሊስ ወዳጅ መስላ ለወራት እንድትቀርበው ተደረገ፤ ሰውየው ግን ገደልሁ አላለም። ከአንድ ዓመት በላይ ታስሮ በ1994 ዳኛው ማስረጃውን ውድቅ አድርገው ለቀቁት። እውነተኛው ገዳይ በዘረ መል ምርመራ ታውቆ ያመነው በ2008 ነው። በመካከሉ፣ በ1993፣ ይኸው ሰው ሌላ እናትና ሕፃን ልጇን ገድሏል። ለተበደለው ሰው መንግሥት ከ700 ሺህ ፓውንድ በላይ ካሣ ከፈለ፤ ለሞቱት ግን ካሣ የለም። እነሆ፣ የተሳሳተ ጥርጣሬ ሁለት ኃጢአት አለው፤ ንጹሑን ያስራል፣ ወንጀለኛውን ነፃ ይለቃል።

በጥቅምት 2002 እ.ኤ.አ. ደግሞ በዋሺንግተን ዙሪያ አድፍጦ የሚተኩስ ሰው በሦስት ሳምንት 10 ሰዎች ገደለ። በየቴሌቪዥኑ የቀረቡ ባለሙያዎች ብዙዎቹ ብቻውን የሚሠራ ነጭ ሰው ይሆናል አሉ፤ ሕዝቡም ነጭ የጭነት መኪና ሲያይ ደነገጠ። የተያዙት ግን ሁለት ጥቁሮች ነበሩ፤ አንዱ የ17 ዓመት ልጅ ነበር፤ መኪናቸውም ሰማያዊ የቤት መኪና ነበረች። ያስያዛቸው አላባማ ውስጥ ከተፈጸመ ሌላ ወንጀል የተገኘ የጣት አሻራ ነው።

ፍርዴ ሚዛን እንዳይጎድለው መልካሙንም ልናገር። በ1980ዎቹ አጋማሽ ለንደን ውስጥ በባቡር ጣቢያዎች አካባቢ ሴቶችን የሚደፍርና የሚገድል ሰው ነበር። ፖሊስ ወደ 2000 የሚጠጉ ተጠርጣሪዎች ዝርዝር ይዞ ከማን እንደሚጀምር ጨነቀው። ዴቪድ ካንተር የተባለ የሥነ ልቦና መምህር ወንጀሎቹ የተፈጸሙባቸውን ቦታዎች በካርታ አስቀምጦ ሰውየው የሚኖርበትን ሠፈር ገመተ። ግምቱ ገጠመ፤ በዝርዝሩ ወደ ታች ቀርቶ የነበረው ስም ወደ ላይ ወጣ፤ ሰውየውም ተያዘ። ልብ በሉ፤ ስሙ ቀድሞውኑ በማስረጃ ዝርዝሩ ውስጥ ነበር። ግምቱ ሌባ አልፈጠረም፤ የትኛው መዝገብ ቀድሞ ይከፈት አለ እንጂ። ይህ ነው እውነተኛው ጥቅሙ፤ ትንሽ ነው፣ ግን አለ።

ሙያው ለሚፈልግ ወጣት

አንዳንድ ወጣቶች «ፕሮፋይለር ለመሆን ምን ልማር?» ብለው ሲጠይቁ እሰማለሁ። በዚያው በኤፍ ቢ አይ እንኳ «ፕሮፋይለር» የሚባል የሥራ መደብ የለም። ይህን ሥራ የሚሠሩት ለዓመታት በመርማሪነት ያገለገሉ፣ ተመርጠው የሚመደቡ ጥቂት ሰዎች ናቸው። እንግሊዞችም ስሙን ለውጠው «የምርመራ አማካሪ» ወደ ማለት ሄደዋል፤ ትንቢቱን ትተው ምክሩን ያዙ ማለት ነው። ለእኛ አገር ወጣት መንገዱ ሌላ ነው፤ ሕግ፣ ሥነ ልቦና፣ የፎረንሲክ ሳይንስ፣ ስታቲስቲክስ፣ ወይም በሰንዳፋው የኢትዮጵያ ፖሊስ ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው የወንጀል ምርመራ ትምህርት። ፊልም የማይሠራለት ሥራ ነው፤ ቃል በትክክል መቀበል፣ አሻራ ሳይበላሽ ማንሣት፣ መዝገብ በወጉ ማደራጀት፣ ምስክር ሳያስፈራሩ መጠየቅ።

ሕጋችንም ወደዚያው ይመራል። ከ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ጀምሮ ምርመራ የፖሊስ፣ ፍርድ የዳኛ ሆኗል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት ሰጥቶታል። ይህ አንቀጽ ለእኔ የሕግ ቃል ብቻ አይደለም። የአያቴ አባት መደብ ላይ ለወደቀው ልጅ የተሰጠ መልስ ነው።

ወደ ግራና ልመለስ። ያን የቀን ሠራተኛ ማንም አልመታውም። ጠየቁት፤ «አላየሁም» አለ። ከዚያ በኋላ ግን ለሥራ የሚጠራው ጠፋ፤ የሠራበትን ገንዘብ የሰጠው አልነበረም፤ ያሳደረው ሰው ጓዙን ከደጅ አወጣለት። በአራተኛው ቀን ጎሕ ሳይቀድ ሄደ። «አየህ፣ ሸሸ!» ተባለ። መሸሹም በዝርዝሩ ላይ ስድስተኛ ምልክት ሆኖ ተጨመረ።

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ሞተሩ በሌላ ከተማ ከአንድ ጥገና ቤት ተገኘ። የተገኘውም ባለቤቱ የግዢ ደረሰኙን ከመጽሐፍ ቅጠል መሐል አስቀምጦት ስለ ነበር ነው፤ ደረሰኙ ላይ ያለው ቁጥርና ሞተሩ ላይ የተመታው ቁጥር አንድ ሆነ። የወሰደው የባለቤቱ የሥጋ ዘመድ ነበር፤ መሬት ያለው፣ ልጆች ያሉት፣ ሰው ዐይን ዐይን እያየ የሚናገር፣ ያን ዕለት ከዛፉ ሥር ከእኛ ጋር ተቀምጦ የነበረ። ከአምስቱ መስመሮች አንዱም አይመለከተውም።

ነገሩ በሽምግልና ተቋጨ፤ ዘመድ ከዘመዱ ታረቀ። ከደጋ የወረደውን ሰው ግን የጠራው የለም። የት እንደሚገኝ የሚያውቅ አልነበረም፤ ስሙን እንኳ በደብተሬ ላይ አልጻፍሁትም ነበር። የጻፍሁት ምልክቱን ነው።

ከዚያ ወዲህ ስለ ሌባ ሻይ በሰማሁ ቁጥር የሚታየኝ የሰከረው ልጅ አይደለም፤ የመቀነቱን ጫፍ የያዘው ሰው ነው። በእጁ ደብተርና እስክሪብቶ አለ። ወንዝ ዳር ልብስ የሚያጥብ ሰው አይቷል፤ ግማሹን ተናግሮ ግማሹን ውጧል።

የዋጥሁትን ግማሽ ዛሬ ጻፍሁት። ዘግይቷል፤ ግን ተጻፈ።

ቸር እንሰንብት።